የእይታ ጊዜ ምንድን ነው? አፍ ያልፈታ ልጅ የሚጠየቅበት መንገድ

አምስት ወር የሞላው ሕፃን ፊት ቁልፍ አንጠልጥሉ። ዓይኑን ይተክልበታል፣ እጁን ይዘረጋል። አሁን ቁልፉን በነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርጉት። እጁን ይሰበስባል። ነጠላውን ገልጦ መፈለግ የለም። ቁልፉ ድሮም ያልነበረ ይመስል ፊቱን ያዞራል።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ይህን በገዛ ሦስት ልጆቹ ላይ እያየ ይመዘግብ ነበር። የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሕፃን ስምንት ወር ገደማ እስኪሆነው ድረስ የማያየው ነገር ለእሱ የለም የሚል ነው። ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀበለው።

ነገር ግን ነጠላ ለመግለጥ ማወቅ ብቻ አይበቃም። እጅም መታዘዝ አለበት። ልጁ እያወቀ እጁ እምቢ ብሎት ቢሆንስ? እንዳንጠይቀው ደግሞ አፉን አልፈታም።

መውጫው ዓይን ሆነ። አንገቱ ያልጠና ሕፃን እንኳ ዓይኑን ወደፈለገው ያዞራል። አሜሪካዊው ሮበርት ፋንዝ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሕፃናትን አስተኝቶ ከላያቸው ሁለት ሥዕል ሰቀለ። በቀዳዳ አጮልቆ የየትኛው ሥዕል ነጸብራቅ ብሌናቸው ላይ እንዳረፈ ያያል፣ ሰዓት ይይዛል። የእይታ ጊዜ የሚባለው ይኸው ነው፦ ሕፃኑ አንድን ነገር ስንት ሰከንድ አየው? አዲስ ነገር ያፈጥበታል፣ የለመደው ይሰለቸዋል። ተመራማሪዎቹ የሚሠሩት በዚህ መሰልቸት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሬኔ ባያርዦን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ1985 ያወጣችው ሙከራ ነው። የአምስት ወር ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። ፊቱ ያለው መከለያ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ወደ ኋላ ይተኛል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይተኛል። ልጁ እስኪሰለቸው ድረስ ይደጋገማል። ሲሰለቸው ከመከለያው ኋላ ሳጥን ይቀመጣል። መከለያው ሲነሳ ሳጥኑን ይጋርደዋል። ከዚያ አንዴ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳጥኑ በድብቅ ዝቅ ይደረግና መከለያው ሳጥን የሌለ ይመስል እንደ በፊቱ ሙሉ በሙሉ ይተኛል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚተኛው ልጁን ያሰለቸው ያው እንቅስቃሴ ነው። ጉዳዩ አዲስ ነገር ማየት ብቻ ቢሆን፣ መሃል ላይ የሚቆመውን ነበር አብዝቶ የሚያየው። ሕፃናቱ ግን አብዝተው ያዩት የማይሆነውን ሆነ። «ሳጥኑ የት ገባ?» ያሉ ይመስላል።

«ይመስላል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ሕፃናቱ አብዝተው ያዩት ያ የመከለያው እንቅስቃሴ ገና በቅጡ ስላልሰለቻቸው ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። ዓይን የት እንዳረፈ ያሳያል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ክርክሩ አሁንም አልበረደም። ሥራውም ቀላል አይደለም። እናት እንዳትጠቁመው ዓይኗን እንድትጨፍን ትጠየቃለች። ሰዓት ያዡ የትኛው ትርኢት እየታየ እንደሆነ እንዳያውቅ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ መሃል ላይ ካለቀሰ ወይም እንቅልፍ ከወሰደው የዕለቱ ልፋት ገደል ገባ።

ሌላው ችግር የሕፃናቱ ቁጥር ማነስ ነው። አንድ ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ ሃያ ሠላሳ ሕፃን ቢያገኝ ነው። ለዚህ ነው በ2020 በወጣ አንድ ጥናት 67 ላቦራቶሪዎች ከ2,300 በላይ ሕፃናትን ያሳተፉት። ጥያቄው ሕፃናት ሰው ልጅ ሲያባብል በሚያወጣው ቃና የሚነገረውን ንግግር ከተራው ንግግር ይመርጣሉ ወይ የሚል ነበር። አዎ፣ ይመርጣሉ። ልዩነቱ ግን በፊት ከተገመተው አነሰ። ያሰሟቸው ንግግር በሙሉ የሰሜን አሜሪካ እንግሊዝኛ ነበር። «የኔ ማር» እየተባለ የሚያድግ ልጅ ምን እንደሚል በዚያ ጥናት አልተጠየቀም።