የፕሮቲን መዋቅር ምንድን ነው? ተማሪስ እንዴት ይገባዋል?

የባዮሎጂ መጽሐፍ የፕሮቲንን መዋቅር በአራት ደረጃ ከፍሎ ያቀርበዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ይፈተናል፣ ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል። አይፈረድበትም። ስሞቹን ነገሩት እንጂ ነገሩን ማንም አላሳየውም።

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሴል በዋናነት የሚጠቀመው 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶችን ነው። ሰንሰለቱ ታዲያ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ ይሰበሰባል፣ በመጨረሻም የራሱን ቅርጽ ይይዛል። የፕሮቲን መዋቅር የምንለው ይህንን ቅርጽ ነው፦ የትኛው አቶም ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ። አብዛኛው ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በዚህ ቅርጹ ነው። ቅርጹ ከተበላሸ ሰንሰለቱ ሳይበጠስም ሥራው ሊቆም ይችላል።

እኔ ብጠየቅ ከአራቱ ስሞች በፊት ሽቦ አስቀድማለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሜትር ያህል ለስላሳ ሽቦ ስጡ። ባለ ቀለም የወረቀት ቁራጮች በየተወሰነ ርቀት ይለጠፉበት። ቢጫው ውሃ የሚሸሽ አሚኖ አሲድ ነው፣ ነጩ ውሃ የሚወድ። ሰማያዊው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ቀዩ ኔጋቲቭ። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ይሁን። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። ቢጫዎቹ ወደ መሃል ይደበቁ፤ ሰማያዊና ቀይ ጎን ለጎን ይምጡ። ከዚያ እጠፉት በሏቸው።

ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። መጨረሻ ላይ የሁሉም ሽቦ ለየቅል ሆኖ ይገኛል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን የተለያየ ቅርጽ ወጣ? ሴል ውስጥስ እንዲህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሴል ውስጥ እንዲህ አይደለም። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ባዮኬሚስት 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ራይቦኒውክሊዬዝ የተባለ ኢንዛይም ወስዶ፣ በዩሪያና በሌላ ኬሚካል እጥፋቱን ፈታው። ኢንዛይሙ ሥራ አቆመ። ኬሚካሎቹ ሲወገዱ ሰንሰለቱ በራሱ ጊዜ መልሶ ታጠፈ፣ ሥራውንም ቀጠለ። ቅርጹን የሚወስነው መረጃ ቅደም ተከተሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። አንፊንሰን በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። የተማሪዎቹ ሽቦ የተለያየው ሕጋቸው ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው። እውነተኛው ሰንሰለት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች በአንድ ጊዜ ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ። (ሁሉም ፕሮቲን ያለ ረዳት ይታጠፋል ማለት አይደለም። ማጠፉን የሚያግዙ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ግን ይህን ለመጀመሪያው ቀን ባታነሱት ምንም አይቀርባቸውም።)

አሁን አራቱ ደረጃዎች ይምጡ። አሁን የሚንጠለጠሉበት ነገር አላቸው። የቀለሞቹ ቅደም ተከተል አንደኛው ነው። ሽቦው አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ጥቅል ሲጠመዘዝ ወይም ጎን ለጎን ሲነጠፍ ሁለተኛው ነው፤ አልፋ ሄሊክስና ቤታ ሺት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙሉው ሽቦ ቅርጽ ሦስተኛው ነው። የተለያዩ ሰንሰለቶች ተገጣጥመው አንድ አካል ሲሆኑ አራተኛው ይመጣል።

ለአራተኛው፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያጓጉዘው ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለት ነው። ሁለቱ አልፋ፣ እያንዳንዳቸው 141 አሚኖ አሲድ። ሁለቱ ቤታ፣ እያንዳንዳቸው 146። በድምሩ 574። እያንዳንዱ ሰንሰለት ኦክስጅን የሚይዝበት አንድ የብረት አቶም አለው።

ከ574ቱ ውስጥ ሁለት ብቻ እንቀይር። በሁለቱ ቤታ ሰንሰለቶች ላይ ስድስተኛው ቦታ የተቀመጠው ግሉታሚክ አሲድ ነው። ቻርጅ ያለው፣ ውሃ የሚወድ። እሱ ወጥቶ ቦታውን ቫሊን ይያዝ። ቫሊን ውሃ ይሸሻል። ስድስተኛው ቦታ ደግሞ የሚገኘው ከፕሮቲኑ ውጪኛ ገጽ ላይ፣ ውሃው መሃል ነው። በሽቦው ቋንቋ ቢጫ ቁራጭ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ታዲያ መደበቂያ ይፈልጋል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲለቅ ቅርጹ ትንሽ ይለወጣል፤ ያኔ በጎረቤት ሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ላይ ውሃ የሚሸሽ ትንሽ ስርጉድ ቦታ ይጋለጣል። ቫሊኗ እዚያ ገብታ ትሸጎጣለች። አንዱ ሄሞግሎቢን ከሌላው፣ ሌላው ከሦስተኛው ይያያዛል። ረጅም ክር ይሠራል። ክሩ ቀይ የደም ሴሉን እንደ ማጭድ አጉብጦ ያደርቀዋል። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ቤታ ሰንሰለት ላይ አንድ አሚኖ አሲድ መሆኑን ባዮኬሚስቱ ቨርነን ኢንግራም በ1950ዎቹ አጋማሽ ለይቶ አሳይቷል።

ይህን ታሪክ በቃል ብቻ አትንገሩ፣ አሳዩት። ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባል በነጻ የሚከፈት መዝገብ አለ። በ1971 በ7 መዋቅሮች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል። አብዛኛው መዋቅር የሚጠራው በአራት ምልክት ነው። 4ኤችኤችቢ ብላችሁ ብትፈልጉ ኦክስጅን ያልያዘ ጤናማ የሰው ሄሞግሎቢን ይመጣል። 2ኤችቢኤስ ካላችሁ ደግሞ የሲክል ሴሉን ታገኛላችሁ። ቫሊኗ ጎረቤቷ ውስጥ እንደተሸጎጠች እዚያ ትታያለች። ስክሪኑ ላይ እያሽከረከሩ ቦታውን ራሳቸው ይፈልጉት። ፈልጎ ያገኘ ተማሪ አይረሳውም።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ተማሪ ምስሉን ፎቶ አድርጎ ያምናል። ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ፣ ሰልፈር ቢጫ ይመስለዋል። አቶም ቀለም የለውም። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አቶም ግን የ1 ናኖሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክሪስታል ሠርተው በኤክስሬይ ይመቱታል፣ ወይም ናሙናውን በፍጥነት አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሱታል፣ ከዚያ የአቶሞቹን ቦታ በስሌት ያወጣሉ። ቀለሙ የእኛ ስምምነት ነው። ጥምዝ ሪባን የሚመስለው ሥዕልም እንደዚያው። ያንን አሳሳል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስለመደችው የፕሮቲን ተመራማሪዋ ጄን ሪቻርድሰን ናት። ፕሮቲን ውስጥ ሪባን የለም። አንድን ፕሮቲን በሪባን፣ በዱላና በክብ፣ ከዚያም ጥቅጥቅ ባሉ ክቦች እያፈራረቃችሁ ብታሳዩ ነገሩ ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል። በሦስተኛው ምስል ላይ መሃሉ ባዶ አለመሆኑን ሲያዩ ይገረማሉ።

መጠንም ያሳስታል። ስክሪን ሁሉንም ነገር እኩል ያደርገዋል። ስለዚህ ሄሞግሎቢንን 1 ሴንቲሜትር አድርገው ይሳሉት። የፖሊዮ ቫይረስ 5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቀይ የደም ሴል 12 ሜትር ይደርሳል፤ ከብዙ መማሪያ ክፍል አልፎ ይወጣል። አንዱ ቀይ የደም ሴል ወደ 270 ሚሊዮን ሄሞግሎቢን ይይዛል ሲባል ያኔ አይጋነንባቸውም።

ፖሊዮን ካነሳን ወደ ቫይረስ እንለፍ። የብዙ ቫይረሶች ቅርፊት ኢኮሳሄድሮን ነው፤ 20 እኩል ሦስት ማዕዘኖች ተገጣጥመው የሚሠሩት። ከወረቀት ቆርጦ መሥራት ቀላል ነው። እግር ኳስ ላይ ያሉት ጥቁር ባለ አምስት ጎን ቁራጮች 12 ናቸው፤ የቫይረሱም ጫፎች 12 ናቸው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አምስት አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ይገናኛሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። የፖሊዮ ቫይረስ የዘር መልእክት ወደ 7,500 ፊደል ነው። አንድ አሚኖ አሲድ ለመጻፍ ሦስት ፊደል ያስፈልጋል። እንግዲህ ቫይረሱ ቢበዛ 2,500 አሚኖ አሲድ መጻፍ ይችላል። ቅርፊቱ ግን ከ52,000 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉት። ከየት መጡ? ከድግግሞሽ። ወደ 880 አሚኖ አሲድ የሚሆኑ አራት ፕሮቲኖች እያንዳንዳቸው 60 ጊዜ ይባዛሉ፣ ከዚያ ይገጣጠማሉ። 60 ደግሞ 20 ሲባዛ በ3 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስት ቅጂ። የዲኤንኤን ጥምዝ መዋቅር ያወጡት ክሪክና ዋትሰን በ1956 ትናንሽ ቫይረሶች ተመሳሳይ ቁራጮችን መደጋገም አለባቸው ብለው የተከራከሩት በዚሁ መንገድ ነበር። እኔ ከመላው ርዕስ የምወደው ስሌት ይህ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል።

ዲኤንኤ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ተማሪው ጥምዙን ከየትም አይቶታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩለት፦ ከሁለቱ ክሮች አንዱ ቢጠፋ ሌላውን አይቶ መጻፍ ይቻላል? ይቻላል፤ የአንዱ ክር ፊደል ከፊት ለፊቱ ያለውን ፊደል ይወስናልና። የመባዛቱ ዘዴ መዋቅሩ ላይ ይነበባል።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። «ኮምፒውተር ይተነብየው የለ እንዴ?» አዎ። አልፋፎልድ የሚባለው ፕሮግራም ቅደም ተከተል ተሰጥቶት ቅርጽ ይተነብያል፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹ ለዚህ ሥራ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር፣ ግማሹ አዳዲስ ፕሮቲን ለሚነድፈው ለዴቪድ ቤከር ተሰጠ። ተማሪ የአልፋፎልድን ምስል ሲከፍት ቀለሙን እንዲያነብ ንገሩት። እዚህ ላይ ቀለም የሚነግረው የአቶምን ዓይነት ሳይሆን ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደተማመነ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ እርግጠኛ ነው፤ ብርቱካናማ ከሆነ አይደለም። ብርቱካናማው ክፍል እንደ ተፈታ ክር ተንጠልጥሎ ሲያዩት ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናል ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ያ የሰንሰለቱ ክፍል ብቻውን ሲሆን ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ ቅርጽ የሚይዘው፣ ከያዘም፣ ሌላ ሞለኪውል ሲያገኝ ነው።