የእጅ ፍሬንና የሚፋተግ ድምፅ፦ የሚባለውና እውነታው

ደሴ ጦሳ ሥር ያለች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ለጥ ያለ ቦታ አግኝቶ መኪና ማቆም ብርቅ ነው። የእጅ ፍሬን ለእኛ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ስለ እሱ የሚነገረው ብዙው ነገር ግን ልክ አይደለም። የእኔን መኪና ሊያቃጥላት ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ።

«ከላላ ካቮውን ማጥበቅ ነው»

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው። ካቮ ማለት ከእጅ ፍሬኑ ማንሻ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የሽቦ ገመድ ነው። የኔዋ የኋላ ፍሬኗ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ጎድጓዳ ብረት) የሆነ አሮጌ ኮሮላ ናት። የእጅ ፍሬኗ ሲላላ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ «አብሽር ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። እውነትም አልፈጀም። ማንሻው ሥር ያለውን ዳዶ አጠበቀ። ማንሻው በ2 «ቀጭ» ድርቅ አለ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቅ ከተማ ስሄድ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ከኋላ ሽር… ሽር… ይላል። ስቆም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ገና ሳልነካው ወላፈኑ መለሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸራ ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ ጎማውን የሚይዘው ነው፤ ሲያልቅ ከታምቡሩ ይርቃል። ካቮ ማጥበቅ ሸራውን በግማሽ ስቦ ያስቀረዋል እንጂ ርቀቱን በትክክል አያስተካክልም። ይባስ ብሎ ታምቡር ውስጥ ያለው፣ ሸራውን በራሱ የሚያስጠጋው ጥርስ በደንብ መሥራቱን ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጎማው ውስጥ ያለው ነው፤ ካቮው መጨረሻ ላይ ነው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያዙ። የኋላውን በክሪክ አንሱና ጠንካራ መደገፊያ አስገቡበት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። የሸራው ውፍረት ካለቀ ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው፤ ይቀየር። ካላለቀ ባለ ጥርሷን ማስተካከያ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቁ፣ ከዚያ መልሱ። ዲስክ ውስጥ ትንሽ ታምቡር ያላቸው አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ የሚመለሰው 8 ጥርስ ነው፤ የእናንተን ከመኪናው መመሪያ እዩት። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። አሁን ነው ወደ ካቮው የሚኬደው። ብዙ መኪኖች ላይ ማንሻው ከ5 እስከ 8 «ቀጭ» ላይ መያዝ አለበት። ሲለቀቅ ሁለቱም ጎማዎች በነፃነት መዞር አለባቸው።

«ድምፅ ካለ ፍሬኑ ይዟል»

ሁልጊዜ አይደለም። ክረምት ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ መኪና ጠዋት ክርር ቢል ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ከጠጠር መንገድ በኋላ የሚመጣ ስል የፍቀት ድምፅ ብዙ ጊዜ ዲስኩና ከኋላው ያለው ቆርቆሮ መሃል የገባች ጠጠር ናት። ቆርቆሮው ተጣሞ ዲስኩን ነክቶም ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ማቃናት ነው። እያፏጨ ፍሬን ሲረገጥ የሚለወጥ ከሆነ ፓዱን እዩ፣ አልቆ ይሆናል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚያጉረመርምና መሪ ሲዞር የሚለዋወጥ ከሆነ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ጠርጥሩ።

የያዘ ፍሬን ዋና ምልክቱ ሙቀት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ግን አትፈትሹ፤ እዚያ ሁሉም ጎማ ይግላል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዙ ንዱ። ቁሙና መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደ ግራውና ወደ ቀኙ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ብቻ ከጋለ ያዡ እሱ ነው።

«ትንሽ ዘይት ድምፁን ያጠፋዋል»

በፍጹም! ዘይት የነካው ሸራ አይዝም። አቧራውንም በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አትንፉ። አሮጌ ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

«በቁልቁለት የእጅ ፍሬን ያግዛል»

ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ500 ሜትር በላይ ይወረዳል። እዚያ ላይ የእጅ ፍሬን ስቦ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፣ የኋላ ጎማ ከቆለፈም መኪናው ይንሸራተታል። የሚያግዘው ከባድ ማርሽ (እንደ ሁለተኛ ያለ ዝቅተኛው) ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡት።

«ማርሽ ውስጥ ካለ የእጅ ፍሬን ምን ያደርጋል?»

ኦቶማቲክ መኪና ፒ ላይ ሲሆን የሚይዘው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ያለ ትንሽ ብረት ነው። ዳገት ላይ ያን ሁሉ ክብደት እሱ ላይ አትጣሉ። ፔዳሉን ረግጣችሁ ኒውትራል አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ፔዳሉን ለቀቅ አድርጋችሁ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ። ከዚያ መልሳችሁ ረግጣችሁ ፒ አስገቡ። ማንዋል ከሆነ አፍንጫው ወደ ዳገት ሲሆን አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ሲሆን የኋላ ማርሽ ጨምሩበት።

ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግም ጥሩ ነው። ስትነሱ ግን ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱልን። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ለባጃጁም ለሞተሩም አይታይም።