አንድ ምት ስንት ሕይወት ይወስዳል? የጉዳት ቅነሳ ሕግ በዋርሃመር 40,000

ጠረጴዛው ላይ ሪደምፕተር ድሬድኖት የሚባል የብረት ግዙፍ ቆሟል። 12 ሕይወት አለው። ማዶ ያለው ተጫዋች ይተኩስበታል። ዳይሱ ይሳካለታል፤ መታው፣ ጥሩሩንም በሳው። "ጉዳቱ 2 ነው" ይላል። የድሬድኖቱ ባለቤት "አንድ ቀንስ" ይለዋል። 2 የነበረው 1 ሆነ። በስድስት እንዲህ ያለ ምት ይወድቅ የነበረው ግዙፍ፣ አሁን አሥራ ሁለት ያስፈልገዋል። በአንዲት ቃል የሕይወቱ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳት ቅነሳ የሚባለው ይኸው ነው። ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ግን ጠረጴዛው ላይ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሰው አሳንሶ ያየዋል።

ዋርሃመር 40,000 ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ ውስጥ መቀመጫውን ያደረገው የጌምስ ወርክሾፕ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1987 ወጣ፤ የጨዋታው ፈጣሪም ሪክ ፕሪስትሊ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተጫዋቾቹ ትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው፣ በሜትር እየለኩ ጠረጴዛ ላይ ያዋጓቸዋል። ውጤቱን የሚወስነው ሉዶ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው። ገበጣ ላይ ጠጠሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ምስል የራሱ ጥንካሬ፣ የራሱ ጥሩርና የራሱ ሕይወት አለው። የጨዋታው ደንብ ሕይወቱን "ቁስል" ይለዋል። የቪዲዮ ጌም ተጫዋች "ላይፍ" ከሚለው የተለየ ነገር አይደለም፤ እኔም ሕይወት እያልኩ እቀጥላለሁ። ሌላ እትም ካልጠቀስኩ በቀር ቁጥሮቹ በ2023 ከወጣው ከ10ኛው እትም የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ጥይት ሕይወት እስኪቀንስ ድረስ ብዙ ነገር ያልፋል። መጀመሪያ መምታት አለበት፤ ለዚህ ዳይስ ይወረወራል። ከዚያ ማቁሰል አለበት። እዚህ ላይ የመሣሪያው ጉልበት ከተመቺው ጥንካሬ ጋር ይነጻጸራል። እኩል ከሆኑ 4 ወይም በላይ ያስፈልጋል። ጉልበቱ እጥፍ ከሆነ 2 ይበቃል። ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ብቻ ነው የሚሠራው። ይህም ከተሳካ ተራው የተመቺው ይሆናል፤ ጥሩሩ ይመክትለት እንደሆነ ዳይስ ይወረውራል። ጥሩሩ 3 ወይም በላይ ይላል እንበል። መሣሪያው ጥሩር የመብሳት አቅሙ 2 ከሆነ፣ ተመቺው አሁን 5 ወይም በላይ ማምጣት አለበት። መከታው ካልተሳካ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፤ ጉዳቱ ስንት ነው?

ብዙ ጀማሪ መመከትንና መቀነስን ያምታታቸዋል። ዱላን በጋሻ መመለስ አንድ ነገር ነው። ዱላው ካረፈ በኋላ ወፍራም ጋቢ መልበስህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጥሩር ጋሻ ነው፤ ወይ ሙሉ ለሙሉ ይመልሰዋል ወይ ምንም አያደርግም። ጉዳት ቅነሳ ጋቢው ነው። ምቱ አርፏል፣ ሕመሙ ግን ተለዝቧል።

ይህ ሕግ አሁን ባለው መልኩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1998 እስከ 2017 በነበሩት እትሞች አብዛኛው መሣሪያ "ጉዳት" የሚባል ቁጥር አልነበረውም። ያልተመከተ እያንዳንዱ ቁስል በአብዛኛው አንድ ሕይወት ይወስድ ነበር። ታንክ ደግሞ የሚለካው ከእግረኛው በተለየ መንገድ ነበር፤ ለፊቱ፣ ለጎኑና ለጀርባው የተለያየ የጥሩር ቁጥር ነበረው። በ2017 የወጣው 8ኛው እትም ይህን ሁሉ ገለበጠው። እያንዳንዱ መሣሪያ የጉዳት ቁጥር ተሰጠው። ታንኩም እንደ እግረኛው ሕይወት ተቆጠረለት። ጉዳቱ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ሊቀነስ፣ ሊካፈል፣ ሊገደብ ይችላል። አሁን የምናያቸው የቅነሳ ዓይነቶች ሁሉ የበቀሉት ከዚያ ነው።

በብዛት የሚገኘው "ከጉዳቱ 1 ቀንስ" የሚለው ነው። ሁልጊዜ እኩል የሚጠቅም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ወደ ድሬድኖቱ እንመለስ። የ1 ጉዳት ጥይት ቢሆን ቅነሳው ምንም አይፈይድለትም፤ ደንቡ ጉዳት ከ1 በታች አይወርድም ይላልና። 12 ያልተመከተ ምት ነበር፣ 12 ሆኖ ይቀራል። በ2 ጉዳት ስድስቱ አሥራ ሁለት ይሆናል። በ3 ጉዳት አራቱ ስድስት ይሆናል። በ4 ጉዳት ሦስቱ አራት ይሆናል። መሣሪያው እየከበደ ሲሄድ ያቺ አንድ ቁጥር ዋጋዋ እያነሰ ይሄዳል። በጣም የሚጎዳው 2 ጉዳት ያለው መሣሪያ ነው፤ ግማሹን ያጣል። ፕላዝማ ጠመንጃ ሙሉ ኃይሉን ሲተኩስና ሄቪ ቦልተር እዚያ ላይ ናቸው። ብዙ ተጫዋች ደግሞ ጦሩን የሚሞላው በእነዚህ ነው፤ ባለ 2 ሕይወት ወታደር በአንድ ምት ስለሚጥሉ።

የዴዝ ጋርድ ታሪክ ይህን አጥርቶ ያሳያል። ዴዝ ጋርድ የወረርሽኝ አምላክን የሚያገለግሉ፣ ሥጋቸው የበሰበሰ፣ ሕመም የማይሰማቸው ወታደሮች ናቸው። በ8ኛው እትም ይህ ጠባያቸው የሚታየው በዳይስ ነበር። ሕይወት ሊያጡ ሲሉ ለእያንዳንዱ ሕይወት አንድ ዳይስ ይወረውራሉ፤ 5 ወይም 6 ከመጣ ያ ሕይወት ይተርፋል። ይህ ዓይነቱ ችሎታ በጨዋታው "ፊል ኖ ፔይን" ይባላል። በ2021፣ በ9ኛው እትም፣ የዴዝ ጋርድ መጽሐፍ ሲታደስ ዳይሱ ቀረና "ከጉዳቱ 1 ቀንስ" ተተካ። ፕሌግ ማሪን የሚባሉት እግረኞቻቸውም ከአንድ ሕይወት ወደ ሁለት ከፍ አሉ።

ለውጡ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። 2 ጉዳት ያላቸው ስድስት ጥይቶች መከታውን አልፈው ባለ 2 ሕይወት ወታደሮች ላይ አረፉ እንበል። ምንም መከላከያ ከሌለ ስድስት ወታደር ይወድቃል። በፊል ኖ ፔይን እስከ አሥራ ሁለት ዳይስ ይወረወራል። እሱንም አንድ ላይ አፍሶ መወርወር አይቻልም። አንድ ወታደር ከወደቀ በኋላ ከምቱ የተረፈው ጉዳት ይባክናል እንጂ ወደ ጎረቤቱ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ምት በምት እየለዩ መሄድ ግድ ነው። በአንድ ቅነሳ ግን ሒሳቡ ወዲያው ያልቃል። እያንዳንዱ ጥይት አንድ ሕይወት ይወስዳል፣ ሦስት ወታደር ይወድቃል፣ ዳይስ የሚነካ የለም።

እንደ ጨዋታ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ጊዜ ይቆጥባል፣ ክርክርም ያስቀራል። የጠፋ ነገርም ግን አለ። በርካሽ ጠመንጃ የተተኮሱ ስድስት የ1 ጉዳት ጥይቶች ቢሆኑ የሚወድቁት እነዚያው ሦስት ናቸው። ውዱ ፕላዝማና ተራው ጠመንጃ እኩል ሆኑ። ሕመም የማይሰማው ወታደር ለትንሿ ጥይት ምንም ልዩነት የለውም ማለት ነው፤ ይህ ከተረቱ ጋር አይሄድም። ፊል ኖ ፔይን ትልቁንም ትንሹንም ጉዳት በአማካይ በአንድ ሦስተኛ ይቀንስ ነበር። የወታደሮቹን ጠባይ ይበልጥ የሚመስለው እሱ ነበር።

ሌላው ዓይነት ግማሽ ማድረግ ነው። ኔክሮን የሚባለው ጦር ሲታን፣ የተሰባበሩ የከዋክብት አማልክት፣ የሚደርስባቸው የእያንዳንዱ ምት ጉዳት ለሁለት ይካፈላል፤ ክፋይ ከመጣ ወደ ላይ ይጠጋጋል። በ2 እና በ3 ጉዳት ላይ ግማሽ ማድረግና አንድ መቀነስ ያው ናቸው። ልዩነቱ ከላይ ነው የሚታየው። ጉዳቱ አንድ ዳይስ የሚያመጣው ቁጥር የሆነ መሣሪያ በአማካይ 3.5 ይጎዳል። አንድ ሲቀነስለት ወደ 2.67 ይወርዳል፤ ግማሽ ሲሆን ወደ 2። ቅነሳው ትናንሹን ሲያዳክም ግማሹ ትልልቁን ይመታል። ሲታን ላይ ከተካፈለው ጉዳት በኋላ ደግሞ ፊል ኖ ፔይን ይመጣል። የሚወረወረውም ከተካፈለ በኋላ ለቀረው ሕይወት ብቻ ነው።

ጠብ የሚነሳው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ደንቡ ማካፈል ከመደመር ይቀድማል ይላል። ሜልታ ጠመንጃን እንውሰድ። ጉዳቱ አንድ ዳይስ ነው፤ ከርቀቱ ግማሽ ውስጥ ከተተኮሰ 2 ይደመርለታል። ዳይሱ 5 አመጣ እንበል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ 5ን ማካፈል ነው፤ 2.5 ይሆናል። 2 ሲደመር 4.5፣ ሲጠጋጋ 5። ደምሮ የሚያካፍል ሰው ግን 7ን ለሁለት ከፍሎ 3.5፣ ማለትም 4 ያገኛል። አንድ ሙሉ ሕይወት ልዩነት አለ። እንደ ሲታን ባለ ፍጥረት ላይ አንድ ሕይወት ቀላል አይደለም።

በ9ኛው እትም የነበረው ጣሪያ ደግሞ የባሰ ነበር። ሲታን በአንድ ምዕራፍ ከ3 ሕይወት በላይ አያጣም ነበር፤ ኦርክ የሚባለው ጦር አለቃ ጋዝጉል ትራካ ከ4 በላይ። ምዕራፍ ማለት የመተኮስ ምዕራፍ፣ የጨበጣ ምዕራፍ እያለ የሚሄደው የተራው ክፍል ነው። ጦርህን በሙሉ ብታዘንብበትም ጣሪያው ጣሪያ ነው። መውጫው ጉዳቱን በየምዕራፉ መበተን ብቻ ነበር፤ ጥቂቱን በጥንቆላ፣ ጥቂቱን በጥይት፣ የቀረውን በጨበጣ። ይህን ማቀድ ራሱ ጥበብ ነው። ቢሆንም እኔ አልወደድኩትም። መሣሪያን መምረጥ ትርጉም የሚያጣበት ሕግ ጨዋታውን ያደርቀዋል።

ቅነሳውን የሚያልፍ ነገርም አለ። ሞርታል ውንድ የሚባሉት ቁስሎች አይመከቱም። በልዩ ችሎታ ቀጥታ ሲመጡ የመሣሪያ ጉዳት ስለሌላቸው ከምኑም አንድ አይቀነስም፤ አንድ በአንድ ሕይወት ይወስዳሉ። ፊል ኖ ፔይን ግን ይይዛቸዋል። አንድ ምስል ከአንድ በላይ ፊል ኖ ፔይን ቢኖረው እንኳ በአንድ ጊዜ መጠቀም የሚችለው አንዱን ብቻ ነው።

ጦር ስታደራጅ እነዚህን ቁጥሮች ቀድመህ አስላቸው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም ጉዳት የሚቀንስልህን ምስል ለተጋጣሚህ ንገረው፤ ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ መስማት ያናድዳል። በመጨረሻ ድሬድኖቱን በእውነተኛ ፀረ ታንክ፣ በላስካነን፣ እንሞክረው። የላስካነን ጉልበት 12፣ የድሬድኖቱ ጥንካሬ 10 ነው። ተኳሹ በ3 ይመታል፣ በ3 ያቆስላል። 2 የነበረው መከታም ወደ 5 ይወርዳል። ከ27 ተኩስ 8ቱ ገብተው ይጎዳሉ ማለት ነው። ጉዳቱ አንድ ዳይስ ሲደመር 1 ነው፤ አማካዩ 4.5። ያለ ቅነሳ ድሬድኖቱን ለመጣል በአማካይ 9 ተኩስ ይበቃል። ከቅነሳው ጋር 12 ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሦስት ተጨማሪ ላስካነን የሌለው ሰው፣ ድሬድኖቱን ትቶ ሌላ ዒላማ ቢፈልግ ይሻለዋል።