ውሃው «ሲ» አገኘ ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ ተፋሰስ ጤና ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ውሃም እንደ ተማሪ ሪፖርት ካርድ ይወጣለታል። አሜሪካ ውስጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ውጤት ይሰጣል። አውስትራሊያ ውስጥም ለሞርተን ባሕረ ሰላጤና ወደ እሱ ለሚፈሱት ወንዞች ተመሳሳይ ካርድ ይወጣል። «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እያለ ይወርዳል።

ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ። መቶ ገጽ ሰንጠረዥ የማያነብ ሰው አንዲት ፊደል አይቶ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ግን ስለ ውሃ ቀድመን የያዝነው ግምት ከተሳሳተ ፊደሏንም አጣመን እናነባታለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ግምቶች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ውሃው ጥርት ካለ ጤነኛ ነው»

ይሄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የውሃው መጥራት ትልቅ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሰሃን የመሰለ ነጭ ክብ ነገር በገመድ አስሮ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ አወረደ። ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መዘገበ። ዘዴው ዛሬም አልተጣለም። ክቡ ሲጠፋ ገመዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ቀስ ተብሎ ሲጎተት ብቅ ይላል፤ እዚያም ሌላ ምልክት። የሁለቱ አማካይ ይያዛል። አለቀ።

ይህ ልኬት ዋጋ ያለው ብርሃን ሕይወት ስለሆነ ነው። ብርሃን ታች ካልደረሰ የባሕር ሣር አይበቅልም። ሣሩ ከጠፋ ደግሞ ትንንሽ ዓሦች መደበቂያ ያጣሉ።

ግን ዓይን የማያየው ብዙ ነው። የሟሟ ናይትሮጅን ቀለም የለውም። በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ውሃውን ሳያደፈርስ ሊኖር ይችላል። ከዚህም የሚገርመው አሜሪካ ያለው የሚቺጋን ሐይቅ ታሪክ ነው። ዜብራና ኳጋ የሚባሉ ባለ ቅርፊት እንስሳት ከሌላ አህጉር በመርከብ ሚዛን ማስጠበቂያ ውሃ ተሳፍረው መጡ። ተባዙና ውሃውን እያጠለሉ ፕላንክተን የሚባሉትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን በሉ። ሐይቁ ኩል መሰለ፣ ሰዉም ተደሰተ። ግን ያ የጠራው ውሃ የዓሦቹ የምግብ ሰንሰለት መነሻ የተነጠቀበት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህም ይሠራል።

የተገላቢጦሹም አለ። ከጫካና ከረግረግ የሚመጣ ወንዝ ሻይ ሊመስል ይችላል። ቀለሙ ከበሰበሰ ቅጠል የመጣ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ጠርቷል ወይ?» ሳይሆን «ለዚህ ዓይነት ውሃ ጤነኛው መጠን ስንት ነው?» የሚለው ነው።

«ባሕር ሰፊ ነው፣ ሁሉንም ይውጠዋል»

ውቅያኖስ ሰፊ ነው፣ እውነት ነው። ዳርቻው ግን አይደለም። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ እሱ የሚፈስሰው ተፋሰስ ግን ከ160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መሬት ያጠበ ዝናብ መጨረሻው እዚያ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ዳር ላይ የቆመውን ፋብሪካ ብቻ ያያል። ከሩቅ እርሻ፣ ከአስፋልት፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ጠብ ጠብ እያለ የሚመጣውን ማንም አያየውም። ሲደመር ግን እሱ ይከብዳል።

«ማዳበሪያ ምግብ ነው፣ ምግብ ምን ይጎዳል?»

ምግብነቱ ነው ጉዳቱ። ማዳበሪያው ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ተክል መሰል ነገር፣ ያፋፋሉ። አልጌው ሞቶ ወደ ታች ይወርዳል። ባክቴሪያ ሲያበሰብሰው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ወንዝ ያመጣው ውሃ ጨው ስለሌለው ቀላል ነው፤ ጨዋማው ላይ እንደ ክዳን ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ታችኛውን ውሃ አያገኘውም። በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሲወርድ መሸሽ የሚችል ዓሣ ይሸሻል። መሸሽ የማይችለው እዚያው ይሞታል።

የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ተመልከቱ። የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ 31 የአሜሪካ ግዛቶችን ይነካል። በ2017 ሲለካ ወንዙ በሚገባበት አካባቢ ኦክስጅን ያጠረው የባሕር ወለል ወደ 22,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦክስጅን በሰዓት ይለያያል። አልጌ ቀን ላይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን እንደ ሁሉም ይተነፍሳል። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎህ ሲቀድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብቻ ሄዶ የለካ ሰው «ሰላም ነው» ብሎ ሊመለስ ይችላል። የለካው ቁጥር ልክ ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው።

«አማካዩ ጥሩ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ነው»

ለምሳሌ ያህል አንድ ውሃ ከ100 በኦክስጅን 90፣ በመጥራት 85፣ በባክቴሪያ 20 አገኘ እንበል። አማካዩ 65 ነው። መካከለኛ ተማሪ ይመስላል። ልጆቻችሁ እዚያ ቢዋኙ ግን ሊታመሙ ይችላሉ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ያወጣው የውሃ መመሪያ በሌላ መንገድ ሄደ። ከሥነ ምህዳር መለኪያዎቹ አንዱ ከወደቀ ውሃው በዚያ በወደቀው ደረጃ ይመደባል። ጥብቅ ነው፣ ምንም አይደበቅም። ግን እሱም ጣጣ አለው። አምስት ችግር የነበረበት ወንዝ አራቱ ቢቃለሉለትም ደረጃው ፈቀቅ ላይል ይችላል። ዓመታት የለፉ ሰዎች ይህን ሲያዩ ተስፋ ይቆርጣሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም ጎን ለጎን መቅረብ አለባቸው። አማካዩ ይውጣ፣ ከሥሩ ደግሞ በጣም የወደቀው መለኪያ በግልጽ ይጻፍ። አንባቢን ከዝርዝር ማዳን ጥሩ ነው፤ ከእውነቱ ማዳን ግን አይደለም።

«ተመርምሮ ንጹህ ነው ተብሏል፣ ግቡ»

የተለመደው የባክቴሪያ ምርመራ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ አንድ ቀን ገደማ እንዲቆይ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የሚነገራችሁ የትናንቱ ውሃ ነው። በመሃል ከባድ ዝናብ ከጣለ ወረቀቱን እርሱት፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ታገሡ። ዓመታዊው ፊደል ደግሞ ጭራሽ ለዋና ፈቃድ የወጣ አይደለም።

«ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶ ካልተሻለ ሥራው ከንቱ ነው»

ይህኛው ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ሥራ መሃል ላይ እንዲቋረጥ ያደርጋል። ከማሳ ወርዶ ወደ ከርሰ ምድር የሰረገ ናይትሮጅን ወንዝ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በቼሳፒክ ተፋሰስ ወደ ወንዞች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ዕድሜው በመካከለኛ ግምት 10 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ የቆየም አለ። ገበሬው ዘንድሮ ማዳበሪያውን ቢቀንስ ወንዙ ገና የድሮውን ይተፋል። በዚያ ላይ ዝናብ የበዛበት ዓመት ብዙ ደለል ስለሚያጥብ ውጤቱን ያወርደዋል፤ ደረቅ ዓመት ደግሞ ማንም ምንም ሳይሠራ ያሳምረዋል። ስለዚህ አንድ ዓመት ከአንድ ዓመት ጋር አታወዳድሩ። የአሥር ዓመቱን መስመር እዩ።

ትዕግሥት ፍሬ እንዳለው ደግሞ ፍሎሪዳ ያለው የታምፓ ባሕረ ሰላጤ ያሳያል። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ተሻሻሉ፣ ናይትሮጅን ቀነሰ። የባሕር ሣሩ ግን ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። በ2014 በተደረገው ቆጠራ 38,000 ኤከር የነበረው ግብ ታለፈ። ከዚያ ወዲህ ሣሩ እንደገና ቀንሷል። ያ ማለት የቀድሞው ድል ውሸት ነበር ማለት አይደለም። ውሃ አንዴ ድኖ የሚተው በሽተኛ ስላልሆነ ነው።

«ልኬት የሳይንቲስት ነው፣ ሌላው ሰው አይገባውም»

በርኒ ፎውለር ሳይንቲስት አልነበሩም። የሜሪላንድ ፖለቲከኛ ነበሩ። ወጣት ሳሉ ወደ ቼሳፒክ በሚገባው በፓተክሰንት ወንዝ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ገብተው እግራቸውን ያዩ ነበር። በኋላ ወንዙ ደፈረሰ። በ1970ዎቹ የታችኛው ተፋሰስ አስተዳደሮች ከላይ በሚለቀቀው ፍሳሽ ምክንያት ፍርድ ቤት ሲሄዱ ከፊት ከቆሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በ1988 ደግሞ ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ከሰዎች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ወንዙ ገቡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ገቡ። ጫማቸው እስኪጠፋቸው ድረስ ወደ ውስጥ ይራመዳሉ። ከዚያ ወጥተው ሱሪያቸው ላይ ውሃው የደረሰበትን እርጥብ መስመር በሜትር ያስለካሉ። ቁጥሩ ይመዘገባል። ናይትሮጅን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን ቆሞ እያየ፣ ዘንድሮ ወንዙ እስከ ጉልበት ነው ወይስ እስከ ወገብ የሚለው ይገባዋል። እሳቸው በ2021 አረፉ፤ ሰዎች ግን አሁንም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ።