ፓርቶግራፍ ምንድን ነው? ምጥን በአንድ ገጽ የሚያሳየው ወረቀትና የምርምር ታሪኩ

በምጥ ላይ ላለች እናት የሚደረግ አንድ ምርመራ ለብቻው ሲታይ ብዙ አይናገርም። የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል ቢባል ነገሩ ደህና ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም። ከአራት ሰዓት በፊት 3 ከነበረ ምጡ እየገፋ ነው። ከአራት ሰዓት በፊትም 5 ከነበረ ግን ምን እንደያዘው መጠየቅ ያስፈልጋል። ፓርቶግራፍ የሚባለው እያንዳንዱን ምርመራ ከተደረገበት ሰዓት ጋር አገናኝቶ፣ የእናቲቱንና የሕፃኑን ሁኔታ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ የምጥ መከታተያ ወረቀት ነው።

ጥቅሙ በተለይ የሚታየው ተረኛ ሲቀየር ነው። ጠዋት የገባችውን እናት ማታ የሚያያት ሌላ ባለሙያ ነው፤ የቀኑን ሙሉ ታሪክ በቃል መቀባበል አይቻልም። ወረቀቱ በትክክል ከተሞላ ግን አዲስ የገባችው አዋላጅ አንድ ጊዜ አይታው ምጡ ወዴት እያመራ እንደሆነ ትረዳለች።

ይህን ያህል የሚያስጨንቀው የተራዘመ ምጥ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ ሲያቅተው ማህፀኑ መግፋቱን አያቆምም። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፣ እናቲቱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች፤ ማህፀኗም ሊተረተር ይችላል። በጭንቅላቱና በዳሌው አጥንት መካከል ለረጅም ጊዜ የተጫነው ሥጋ ደም ሳያገኝ ቆይቶ ሲሞት ደግሞ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ያለ ፈቃድ ይፈስሳል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ እናቶች ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተቋሙ ቁስሉን በመጠገን ብቻ አልተወሰነም፤ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈተ። የሰለጠነች አዋላጅ በጊዜው ከደረሰች ፊስቱላው ከነጭራሹ አይፈጠርም።

ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች እንየው። አናቱ ላይ የእናቲቱ ስም፣ ስንተኛ እርግዝናዋና ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ የእንሽርት ውሃው የፈሰሰበት ሰዓት ይጻፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የሕፃኑ የልብ ምት ነው። አዋላጇ በፌቶስኮፕ (ሆድ ላይ ተደግፎ በጆሮ በሚደመጥበት መሣሪያ) ወይም በዶፕለር (ምቱን በድምፅ ሞገድ በሚያሰማ መሣሪያ) በየግማሽ ሰዓቱ ታዳምጣለች፤ ጊዜዋን የምትመርጠው የማህፀኑ መኮማተር እንዳበቃ ነው፣ ምክንያቱም ሕፃኑ የሚፈተነው በዚያን ጊዜ ነው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚደርስ ምት የተለመደ ነው። የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እናቲቱ ማማጥ ስትጀምር ማዳመጡ በየአምስት ደቂቃው ይሆናል። ከልብ ምቱ ሥር የእንሽርት ውሃው መልክ ይመዘገባል፦ ንጹሕ ነው፣ ደም ቀላቅሏል፣ ወይስ ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ እያለ ዓይነ ምድሩን አውጥቶበት አረንጓዴ ሆኗል? የራስ ቅሉ አጥንቶች ምን ያህል እንደተደራረቡም ይጻፋል። መጠነኛ መደራረብ የተለመደ ነው፤ ከፍተኛ መደራረብ ግን ጭንቅላቱ ከዳሌው ጋር እንዳልተመጣጠነ ይጠቁማል።

የገጹን መሃል የያዘው ትልቁ ሰንጠረዥ ነው። የማህፀን በር መከፈት በኤክስ ምልክት ወደ ላይ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ የጭንቅላቱ መውረድ በክብ ምልክት ወደ ታች ይወርዳል። ኤክሱ እየወጣ ክቡ ካልወረደ የማህፀን በር እየተከፈተ ሕፃኑ ባለበት ቆሟል ማለት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መቀመጣቸው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማህፀኑ ስንት ጊዜ እንደተኮማተረና ለስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ የተሰጡ መድኃኒቶች፣ የእናቲቱ የልብ ትርታ፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ሽንት አሉ።

በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሁለት ሰያፍ መስመሮች ታትመው ኖረዋል። እነዚህ መስመሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ፓርቶግራፍን ለመረዳት ግማሽ መንገድ ነው።

በ1954 ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ የ100 የበኩር ወላጆችን ምጥ በጊዜ ሰሌዳ ላይ ነድፎ አሳተመ። የማህፀን በር በመጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት እንደሚከፈት አሳየ። ሥራው ብዙ ተጠቀሰ፤ ነገር ግን በቅርብ ሐኪም ባለበት ትልቅ ሆስፒታል የተነደፈ ጠመዝማዛ መስመር ለገጠር ክሊኒክ አዋላጅ ምን አድርጊ አይላትም ነበር።

ይህን የለወጡት ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። የሠሩት ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ሮዴዥያ ትባል በነበረችው አገር፣ ሃራሬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። በአካባቢው የነበሩትን ክሊኒኮች የሚያንቀሳቅሱት አዋላጆች ነበሩ፤ ሐኪም የነበረው ከተማ ባለው ሆስፒታል ነው። ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር፦ አዋላጇ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል መላክ ያለባት መቼ ነው? በ1972 ባሳተሙት ጥናት ከበኩር ወላጆች መካከል በጣም በዝግታ የሚሄዱትን አሥር በመቶ ወስደው፣ አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ አገኙ። በዚህ ፍጥነት አንድ ቀጥተኛ መስመር አሰመሩ፤ የማስጠንቀቂያ መስመር አሉት። ከእርሱ በስተቀኝ አራት ሰዓት ርቆ ሁለተኛ መስመር አሰመሩ፤ ይህ የእርምጃ መስመር ነው። የመጀመሪያውን ያለፈች እናት ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ ሁለተኛውን ካለፈች ሐኪም አንድ ውሳኔ መወሰን አለበት።

አራቱ ሰዓት የመንገድ ሰዓት ነው። መኪና ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ሆስፒታል እስኪደረስ የሚፈጀው ጊዜ ታስቦ የገባ ነው። የርቀትን ጭንቅ በሕክምና ሰነድ ውስጥ እንዲህ በግልጽ ያስገባ ሌላ ወረቀት አላውቅም፤ ለዚህም ነው ሐሳቡ ኢትዮጵያን ለመሰለ አገር የተሠራ የሚመስለኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ናይሮቢ ላይ ከተጀመረው የእናቶች ደኅንነት ንቅናቄ በኋላ የራሱን ፓርቶግራፍ አዘጋጅቶ በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ ስምንት ሆስፒታሎች ፈተነው። ጥናቱ 35,484 እናቶችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከ18 ሰዓት በላይ የሚረዝም ምጥ ከ6.4 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ምጥ ለማፋጠን መድኃኒት የሚሰጣቸው እናቶች ከ20.7 በመቶ ወደ 9.1 በመቶ ቀነሱ። ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከ9.9 ወደ 8.3 በመቶ፣ በምጥ ወቅት የሚሞቱ ሕፃናት ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ ወረዱ። መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውም ቀንሶ የሞተው ሕፃን ቁጥር መቀነሱ ድርጅቱ ወረቀቱን ለዓለም ሁሉ እንዲያዳርሰው በቂ ምክንያት ሆነ።

ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት ወረቀቱ ብቻውን አልገባም። ከእርሱ ጋር ሥልጠናና ሁሉም የተስማማበት የምጥ አያያዝ መመሪያ አብረው ገብተዋል። ለውጡን ያመጣው የቱ ነው? ከዚያ በኋላ የተደረጉ የንጽጽር ጥናቶችን የሰበሰበው፣ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ተቋም ያወጣው ግምገማ ፓርቶግራፍ መጠቀም ካለመጠቀም ጋር ሲነጻጸር የቀዶ ሕክምናን ቁጥር በግልጽ እንደሚቀንስ ማረጋገጥ አልቻለም። ይህ ብዙ ባለሙያዎችን አስደንግጧል። እኔ ግን የማይጠበቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ መኪና፣ ደምና ቀዶ ሐኪም በሌለበት መስመሩን ያለፈ ምጥ መታወቁ ብቻ ማንንም አያድንም።

የከረረው ክርክር የተነሳው በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር በሚለው ፍጥነት ላይ ነው። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ከ62,000 በላይ እናቶች መረጃ የተመረመረበት ጥናት ምጥ ፍጥነት የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከ6 ሴንቲ ሜትር በኋላ መሆኑን አመለከተ። ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት በናይጄሪያና በኡጋንዳ 13 ሆስፒታሎች ወደ 10,000 የሚጠጉ እናቶችን ተከታተለ። ብዙዎቹ ከተባለው ፍጥነት በታች ሄደው በሰላም ወልደዋል፤ የማስጠንቀቂያ መስመሩን ማለፍም ማን ላይ ጉዳት እንደሚደርስ በደንብ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ድርጅቱ በ2018 ባወጣው ምክር የምጥ ፈጣን ክፍል ከ5 ሴንቲ ሜትር እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ብቻ ምጥ ማፋጠንና ቀዶ ሕክምና ተገቢ አይደለም አለ። አፍሪካ ውስጥ የተሰመረ መስመር፣ በአፍሪካውያን እናቶች ጥናት ታረመ። ምርምር መሥራት ያለበት እንደዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የተወለደው በታኅሣሥ 2020 ይፋ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የምጥ መከታተያ ነው። ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ወጥተዋል። በምትኩ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፦ 5 ላይ ስድስት ሰዓት፣ 6 ላይ አምስት፣ 7 ላይ ሦስት፣ 8 ላይ ሁለት ተኩል፣ 9 ላይ ሁለት ሰዓት። ገደቡ ላይ የደረሰ ቁጥር ይከበብና ምክንያቱ ይጣራል። ቀድሞ ባዶ የነበረው የማማጥ ጊዜም ቦታ አግኝቷል። ከሁሉ በላይ ደስ የሚያሰኘኝ ግን ገና ከላይ የተጨመሩት ጥያቄዎች ናቸው፦ አጠገቧ የመረጠችው ሰው አለ? የሕመም ማስታገሻ አግኝታለች? የሚጠጣ ነገር ተሰጥቷታል? በጀርባዋ ተኝታለች ወይስ እየተንቀሳቀሰች ነው? እናት ወይም እህት በር ላይ ቆማ ስትለምን ባደረችባቸው ማዋለጃ ክፍሎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲሱ ወረቀት በሕንድ አራት ሆስፒታሎች ተፈትኖ በ2024 ውጤቱ ሲወጣ፣ በበኩር ወላጆች ላይ የቀዶ ሕክምና መጠን ከ45.2 ወደ 39.7 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ አልነበረም።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚወልዱ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ክትትል ያውቃሉ፤ ሆድ ላይ ታስሮ የልብ ምቱን ያለማቋረጥ የሚያትመውን ማሽን። በ1985 ከታተመውና ደብሊን ላይ ወደ 13,000 እናቶች ከተሳተፉበት ጥናት ጀምሮ የተሰበሰበው ማስረጃ ማሽኑ ከወሊድ በኋላ በሕፃናት ላይ የሚታየውን የመንቀጥቀጥ ሕመም እንደሚቀንስ፣ ሞትንና ዘላቂ የአንጎል ጉዳትን ግን እንደማይቀንስ፣ ቀዶ ሕክምናን ደግሞ እንደሚጨምር ያሳያል። ጤናማ ለሆነች እናት በየጊዜው በጆሮ ማዳመጥ ይበቃል የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። አዋላጇ የያዘችው ፌቶስኮፕ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

በእኛ አገር በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2011 ከመቶ 10 ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ወደ ተቋሙ ለመጣችው እናት ሁሉ በትክክል ክትትል ተደርጎላታል ማለት አይቻልም። በልዩ ልዩ ክልሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ወይም ከወሊድ በኋላ ለሪፖርት ተብሎ ተሞልቶ ነው። ከወሊድ በኋላ የተሞላ ፓርቶግራፍ ከባዶው ይብሳል፤ ያልተደረገ ክትትል እንደተደረገ ይመሰክራልና፣ ሕፃን በሞተ ጊዜ እውነተኛውን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ጥፋቱን ግን በአዋላጆች ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። አራት እናቶች በአንድ ጊዜ ሲያምጡ ብቻዋን የሆነች ተረኛ የአራቱንም ሕፃናት ልብ በየግማሽ ሰዓቱ አዳምጣ፣ አዋልዳ፣ መዝግባ መጨረስ አትችልም። ወረቀት ማተም ቀላል ነው፤ የሰው ኃይል መመደብ ግን በጀት ይጠይቃል።

በአዲሱ ወረቀት መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል አለ፤ ባለሙያዋ ያየችውንና ቀጥሎ የታሰበውን ከእናቲቱ ጋር ተነጋግራ የምትጽፍበት። ስለዚህ የምታምጠው እናትም ሆነች አብራት ያለችው ሰው መጠየቅ ነውር አይደለም፦ የማህፀን በር ስንት ደረሰ? ባለፈው ምርመራ ስንት ነበር? የልጁ የልብ ምት ስንት ነው? የሚቀጥለው ምርመራ በስንት ሰዓት ነው? ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገ ወረቀቱ አብሮ እንዲሄድ ጠይቁ፤ ተቀባዩ ሐኪም ምጡ ከየት ተነስቶ የት እንደቆመ የሚያውቀው በእርሱ ነው።