«ባይአውት» ምንድን ነው? የተባረረ አሰልጣኝ ሚሊዮኖች እውነተኛ ሂሳብ

«ሰውየው ተሸንፎ 54 ሚሊዮን ዶላር ተሸልሞ ወጣ።» የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል በአማርኛ የሚተነትን አንድ ሰው፣ አሰልጣኝ ብራያን ኬሊ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ከኤልኤስዩ) መሰናበቱን ያስረዳው በዚህ ቃል ነው። ቀጠለና «ይህን ሁሉ ገንዘብ ቆጥረው ከሚሰጡት፣ መሸነፍ ራሱ ውል ማፍረስ ነው ብለው ለምን በባዶ እጁ አይሸኙትም?» አለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስህተት። ሽልማት አይደለም፤ ቆጥሮ የሰጠውም የለም፤ መሸነፍም ውል ማፍረስ አይደለም። እንጀራዬ ውል አንብቦ ከውሉ የሚወጣውን ዕዳ ማስላት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሰምቶ ማለፍ ያቅተኛል።

የጨዋታውን ሕግ አላስረዳም፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለፉትቦል አሰልጣኝ በዓመት አሥር ሚሊዮን ዶላር ለምን እንደሚከፍልም አላወራም። ስለ ባይአውት የሚከራከር ሰው ያንን ያውቀዋል ብዬ ነው። ባይአውት ማለት ውሉ ሳያልቅ አንዱ ወገን «በቃኝ» ቢል ለሌላው ምን ያህል፣ በምን ጊዜና በምን ሁኔታ እንደሚከፍል በፊርማው ቀን የተጻፈ አንቀጽ ነው። አሰልጣኙ ጥሎ ከሄደ እሱ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ቀጣሪው ይሸፍንለታል። ዩኒቨርሲቲው ካሰናበተው ደግሞ ከፋዩ ዩኒቨርሲቲው ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አገር የሚያምሰው ግን የኋለኛው ነው።

ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲውን ተከራይ፣ አሰልጣኙን አከራይ አድርጋችሁ ውሰዱት። ተከራዩ ለአሥር ዓመት ፈረመ። በአራተኛው ዓመት ቤቱ አስጠላውና ዕቃውን ጭኖ ወጣ። የቀሪው ስድስት ዓመት ኪራይ ዕዳው ነው? ነው እንጂ፣ ፈርሟላ። ግን አከራዩ በማግስቱ ሌላ ሰው ቢያስገባስ? ከሁለቱም ኪራይ ይሰበስባል? የባይአውት ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው፤ ተንታኞቻችን የሚዘሏትም እሷኑ ነው።

ውሉ ከሁለት አንዱን ሊል ይችላል። አከራዩ ሌላ ተከራይ በቅንነት ይፈልግ፣ ካገኘም የአዲሱ ኪራይ ከአሮጌው ዕዳ ላይ ይቀነስ ሊል ይችላል። ወይም ደግሞ አከራዩ ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥም ለሌላ ቢያከራይም የራሱ ጉዳይ ነው፣ የመጀመሪያው ተከራይ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይክፈል ሊል ይችላል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አንድ ሁለት መስመር ነው። በገንዘብ ሲመነዘር ምን እንደሚያክል እ.ኤ.አ. በ2025 የኦክቶበር ወር ሦስት ተከታታይ እሑዶች አሳይተውናል።

ኦክቶበር 12 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን አሰናበተ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ለሀገራዊው ሻምፒዮና በሚደረገው ጥሎ ማለፍ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ አዲሱን የውድድር ዘመንም በዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ የቡድኖች ደረጃ ሁለተኛ ሆኖ ነበር የጀመረው። በሜዳው በኖርዝዌስተርን 22 ለ 21 ሲረታ ግን ሦስተኛ ተከታታይ ሽንፈቱ ሆነ። ቀሪ ዕዳው ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል ተባለና ቁጥሩ በየቦታው ተስተጋባ። ወር ከምናምን ቆይቶ ቨርጂኒያ ቴክ ፍራንክሊንን ቀጠረው። ውሉ የአዲሱን ሥራ ደመወዝ ከዕዳው ላይ የሚያቀናንስ ስለነበር ሁለቱ ወገኖች ተደራደሩና ፔን ስቴት በ9 ሚሊዮን ተገላገለ። ከ49 ወደ 9። «49 ሚሊዮን ታቅፎ ሄደ» ካሉት ውስጥ ተመልሶ ያረመ አላየሁም።

በሳምንቱ ኦክቶበር 19 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን ቢሊ ናፒየርን አሰናበተ፤ ያውም ሚሲሲፒ ስቴትን 23 ለ 21 ባሸነፈ በማግስቱ። ዕዳው ወደ 21 ሚሊዮን ነበር፤ ግማሹ በ30 ቀን ውስጥ የሚከፈል። ናፒየር በዲሴምበር ወደ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የእሱ ውል ግን ማቀናነሻ የለውም፤ ከአዲሱም ደመወዙን ይበላል፣ ከአሮጌውም 21 ሚሊዮኑን ሳይጎድል ይቀበላል። እንግዲህ በዜና ላይ 49 የነበረው 9 ሆነ፣ 21 የነበረው 21 ሆኖ ቀረ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የበለጠ የከፈለው? ርዕስ ብቻ ያነበበ ሰው መልሱን ይስታል።

ኦክቶበር 26 የኬሊ ተራ ደረሰ፤ ኤልኤስዩ በሜዳው ባቶን ሩዥ ላይ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 በተረታ ማግስት። ኬሊን 54 ሚሊዮን ቆጥሮ የሸኘው ማንም የለም። ውሉ ገንዘቡ በየወሩ እስከ 2031 እንዲከፈል፣ እሱም ሌላ ሥራ በቅንነት እንዲፈልግ ያዛል። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ጊዜ ክፍያ እንለያይ ብሎ በመጀመሪያ 25፣ ቀጥሎ 30 ሚሊዮን አቀረበለት፤ ሁለቱንም እምቢ አለ። ነገሩ በኖቬምበር ፍርድ ቤት ደረሰ። «30 ሚሊዮን እምቢ ያለ ስግብግብ» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሙያዬ ነውና አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2031 የሚገባ አንድ ሚሊዮን ዛሬ እጅ ላይ ካለ አንድ ሚሊዮን ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ በስድስት ዓመት የሚከፈለውን 54 ዛሬ ከሚሰጥ 30 ጋር ፊት ለፊት አቁሞ ማወዳደር አይሄድም። መጀመሪያ የጊዜውን ዋጋ፣ ቀጥሎ አሰልጣኙ ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድሉን አስልቶ ነው። ሥራ ካገኘ 54ቱ ይቀልጣል፤ ካላገኘ ይቆማል።

የቤቱ ምሳሌ የሚያነክስበትን ቦታም ልናገር። ቤት ተከራዩን አይመርጥም፤ አሰልጣኝ ግን ይመርጣል። ዕዳው በሌላ ሥራ የሚቀናነስበት ሰው ዝቅ ባለ ደመወዝ መቀጠር አይጎዳውም፤ ልዩነቱን አሮጌው ቀጣሪ ይሞላለታልና። አዲሱም ቀጣሪ ይህን ስለሚያውቅ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ የመጻፍ ፈተና ይገጥመዋል። ብልጥ የሕግ ክፍሎች «ደመወዙ በገበያ ዋጋ ይሁን» የሚል ሐረግ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ደላላውም አለ፤ በዚህ ገበያ ወኪል ይባላል። አንዱ ተከራይ ሊወጣ ሲያኮበኩብ ለሌላው ቤት እያሳየ የሁሉንም ኪራይ ያስወድዳል።

ይህ ሁሉ ለምን በኦክቶበር? የጥሎ ማለፉ ቦታ ከ2024 ጀምሮ ከአራት ወደ አሥራ ሁለት ስላደገ ነው። አምስቱ ቦታ ኮንፈረንስ ለሚባሉት ሊጎች ሻምፒዮኖች ነው፤ ሰባቱን አሥራ ሦስት አባላት ያሉት መራጭ ኮሚቴ ይሞላዋል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ትልቅ ቡድን ዛሬም ተስፋ አለው። በሦስተኛው ሽንፈት ተስፋው ይመነምናል፤ ገና የወቅቱ አጋማሽ ላይ እያለ ማለት ነው። ቦታው ሲሰፋ ትዕግሥት ይሰፋል ብለው የጠበቁ ነበሩ። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ «አሥራ ሁለት ውስጥ እንኳ አልገባም» የሚባል አዲስ ውርደት መጣ።

ኮሚቴው ከባይአውት ጋር ያለው ዝምድና ከዚህም ይጠልቃል። ትልቁን ምሳሌ እንየው፤ አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸር ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተሰናበተበት ኖቬምበር 2023። ከ76 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በታሪክ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት። ወደ 19.2 ሚሊዮን የሚሆነው በ60 ቀን ውስጥ፣ ከዚያ በየዓመቱ ወደ 7.2 ሚሊዮን እስከ 2031፣ ያለ ምንም ማቀናነሻ። የሉዊዚያና ገዥ ጄፍ ላንድሪ በኬሊ ጉዳይ ተናደው ሲናገሩ የኤልኤስዩን የስፖርት ዳይሬክተር ስኮት ዉድዋርድን ወቀሱ፤ ኤ ኤንድ ኤምንም በዚያ በፊሸር ውል ያከሰረው እሱ ነው አሉ። ዉድዋርድም በማግስቱ ከሥራ ወጣ።

ወረቀቱን ካየነው ግን ሂሳቡ እንዲያ አይልም። ዉድዋርድ የኤ ኤንድ ኤም የስፖርት ዳይሬክተር ሳለ በ2017 ከፊሸር ጋር የተዋዋለው ለአሥር ዓመት 75 ሚሊዮን፣ ማለትም በዓመት 7.5 ነበር። ያ ውል እንደነበረ ቢቆይ በ2023 መጨረሻ አራት ዓመት ይቀረው ነበር፤ 30 ሚሊዮን። 76 ያደረሰው በ2021 የተጨመረው ማራዘሚያ ነው፤ ያኔ ዉድዋርድ ኤ ኤንድ ኤምን ለቆ ኤልኤስዩ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ማራዘሚያው ለምን ተጨመረ? በ2020 ኤ ኤንድ ኤም ስምንት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ በኮሚቴው የመጨረሻ ደረጃ አምስተኛ ሆነ፤ ቦታው አራት ነበር። በአንድ ደረጃ የቀረ ቡድን «የሚቀጥለው ዓመት የኛ ነው» ብሎ አሰልጣኙን ማንም እንዳይነጥቀው በወርቅ አሰረው። በ2023 የተከፈተው ደረሰኝ በ2021 የተጻፈ ነው። የማሰናበቱን ውሳኔ «ውድ» ብሎ መተቸት ቀላል ነው፤ ውድ የነበረው ፊርማው ነው።

አሁን ወደዚያ «በባዶ እጁ ይሸኙት» ወደሚለው። ውሎቹ «በበቂ ምክንያት» እና «ያለ በቂ ምክንያት» ማሰናበትን ይለያሉ። በቂ ምክንያት ተብለው የሚዘረዘሩት የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን ሕግ በከባድ መጣስ፣ ወንጀል፣ ነውረኛ ጠባይ፣ ሥራን ጥሎ መጥፋት የመሳሰሉት ናቸው። ሽንፈት አይገባበትም፤ የትኛውም ወኪል እንዲገባ አይፈቅድማ። ሚሺጋን ስቴት በሴፕቴምበር 2023 አሰልጣኙን ሜል ታከርን በበቂ ምክንያት ሲያሰናብት ከ95 ሚሊዮኑ ውል ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ ቀሪ ነበረው፤ ዩኒቨርሲቲው አንድም አልከፍልም አለ። ምክንያቱ የቀረበበት የፆታዊ ትንኮሳ አቤቱታ እንጂ የጨዋታ ውጤት አልነበረም። በኪራዩ ቋንቋ፣ ቤቱ አስጠላኝ ማለትና ጣራው ወደቀብኝ ማለት አንድ አይደሉም። ኤልኤስዩም ኬሊን በቂ ምክንያት ውስጥ ለመክተት ዳር ዳር ብሎ ነበር፤ ክሱ በተመሠረተ በሳምንታት ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበቱን በደብዳቤ አረጋገጠ።

ባይአውትን «ቅጣት» ብሎ መጥራትም አይሠራም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቅጣት የሆነ አንቀጽ አያስፈጽሙም፤ አስቀድሞ የተገመተ ተመጣጣኝ ካሳ ከሆነ ግን ያስፈጽማሉ። የታወቀው ጉዳይ የቫንደርቢልት ነው። አሰልጣኙ ጄሪ ዲናርዶ ጥሎት ወደ ኤልኤስዩ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው ከሰሰው፤ በ1999 የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንቀጹ ተመጣጣኝ ካሳ ነው አለ። አዎ፣ ያኔም ኤልኤስዩ።

ባይአውት የሚከፈለው «ከግብር ከፋዩ ገንዘብ» ነው በሚለው ላይ ግማሽ እስማማለሁ። ኤ ኤንድ ኤም የፊሸርን የመጀመሪያ ክፍያ ለተለየ ጉዳይ ካልተመደበ የደጋፊዎች ፋውንዴሽን ልገሳ፣ ዓመታዊውን ደግሞ ከስፖርት ክፍሉ እንደሚሸፍን ተናግሯል፤ ከተማሪ ክፍያም ከክልሉ በጀትም አልተነካም ማለት ነው። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነት ፋውንዴሽን የሚሰጥ ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ግብር ከፋዩ ጭራሽ የለበትም ማለት አይቻልም። እስከ 2017 ድረስ የመቀመጫ ትኬት ቅድሚያ ለማግኘት የሚከፈለው እንኳ 80 በመቶው ይቀነስ ነበር፤ ያ በዚያ ዓመት ሕግ ተሰርዟል። ይህን ያመጣሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው፤ የግብር ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ላንድሪ ያን ያህል ከተናደዱ በኋላ ኤልኤስዩ ማንን አመጣ? በኖቬምበር 30 አሰልጣኝ ሌን ኪፊንን ከኦል ሚስ (ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ወሰደ። ሰባት ዓመት፣ በዓመት ወደ 13 ሚሊዮን፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢሰናበት ከቀሪው 80 በመቶ። ኦል ሚስ ያኔ አሥራ አንድ አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ኮሚቴው ወደ ጥሎ ማለፉ ሊያስገባው ነበር፤ ከኦል ሚስ ጋር ባለው ውል ላይ የተጻፈው የጥሎ ማለፍ ጉርሻ ደግሞ ኪፊን ሲለቅ ይቀርበት ነበር። ይህን ጉርሻ ኤልኤስዩ እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ። ዲሴምበር 20 ኦል ሚስ ቱሌንን 41 ለ 10 ሲያሸንፍ ኪፊን ሜዳው ላይ አልነበረም፤ ለዚያ ውድድር ጉርሻውን የሚከፍለው ግን ያልተጫወተው ኤልኤስዩ ነው።