የኢንተርኔት የቢሮ ስልክ በባሕር ዳር፦ ሕጉ፣ አገጣጠሙና ጥንቃቄው

በባሕር ዳር በሆቴል ሪሴፕሽን፣ በባንክ ቅርንጫፍ፣ በክሊኒክ ካርድ ክፍል ወይም በጉዞ ወኪል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የኢንተርኔት ስልክ መልኩ ከድሮው ብዙም አይለይም። እጀታ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ይጮኻል። ልዩነቱ ከጀርባው ነው። የሚሰካበት የኔትወርክ ኬብል ነው፤ ድምፁም ኮምፒውተሮቹ በሚጠቀሙበት በዚያው መስመር ይሄዳል። ውስጡ ሶፍትዌር፣ ፓስዎርድና የራሱ የኔትወርክ አድራሻ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው።

ብዙ ድርጅት ግን ስልክ እንደገዛ ብቻ ያስባል። ይሰካዋል፣ ይደውልበታል፣ ይረሳዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። መብራት ሲሄድ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ፣ ፖሊስ መጥራት ሲያስፈልግ ወይም ያልተደወለ ጥሪ ሒሳብ ሲደርስ ያኔ ይታወሳል።

ሕጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነገር ነበር። አዋጅ ቁጥር 281/1994 የድምፅና የፋክስ ግንኙነት በኢንተርኔት እንዳይደረግ በግልጽ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎት መስጠትን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። አገልግሎቱን ማግኘትም ያስቀጣል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲመጣ ዘርፉ ለተወዳዳሪዎች ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ለተራ ድርጅት ትርጉሙ ይህ ነው። በራሱ ግቢ ውስጥ ከሪሴፕሽን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሒሳብ ክፍል በራሱ ኔትወርክ መደዋወል የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። ጥሪው ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ግን ፈቃድ ባለው ኦፕሬተር በኩል፣ በድርጅቱ ስም በተፈረመ ውል መውጣት አለበት። «ከውጭ አገር አካውንት እንከፍትላችኋለን፣ ጥሪው በርካሽ ይሆናል» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ማሳየት ነው። ሲም ካርድ ደርድሮ የውጭ አገር ጥሪን በአገር ውስጥ ቁጥር የሚያስገባ መሣሪያ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥም ያው ወንጀል ነው፤ ቦታውን ያከራየ ሰውም ከምርመራው አያመልጥም።

ሁለተኛው ነገር መሣሪያው ራሱ ነው። የቴሌኮም መሣሪያ አገር ውስጥ ገብቶ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሞዴሉ የባለሥልጣኑን ይሁንታ ማግኘት አለበት። ስልኩን ከአስመጪ የሚገዛ ድርጅት የይሁንታውን ማስረጃ ቅጂ ከደረሰኙ ጋር ቢጠይቅ ነውር የለውም። እንዲያውም መጠየቅ አለበት እላለሁ። ሻጩ «ችግር የለውም» ብሎ ካለፈው ችግር አለው።

ከስልኩ ሆድ ሥር ያለው ወረቀት

ስልኩን ገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ብዙ ይናገራል። «ሲኢ» የሚለው ምልክት አምራቹ ዕቃው የአውሮፓን መስፈርት እንደሚያሟላ የሰጠው ቃል ነው። «ኤፍሲሲ» የሚለው የአሜሪካን ይመለከታል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ፈቃድ አይደሉም። «ክላስ ኤ» ከተባለ ለንግድ ቦታ የታሰበ ነው፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሊረብሽ ይችላል። «ክላስ ቢ» ለቤትም ይሆናል። መኖሪያውን እንግዳ ማረፊያ ላደረገ ሰው ልዩነቱ ቁም ነገር ነው።

ቀጥሎ የኃይል ማስገቢያው አዳፕተር ይታያል። ዲያስፖራው ከአሜሪካ የላከው ዕቃ በባሕር ዳር ብዙ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ግን አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ከአሜሪካ በሚመጣ ስልክ ላይ ሌላም የማይታይ ነገር አለ። እጀታው ገመድ የሌለው ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ለቤት ስልክ የተተወ ሞገድ ነው። በእኛ አገር ግን የሦስተኛው ትውልድ ሞባይሎች ወደ አንቴና ምልክት የሚልኩበት ነው። ስለዚህ አንድ ሆቴል በዚህ ስልክ ሲጠቀም የጎረቤቱን የሞባይል ኔትወርክ ሊረብሽ ይችላል። ለእኛ የሚስማማው ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የአውሮፓው ዓይነት ነው።

አንዳንዱ አዳፕተር ላይ ደግሞ ተራራ ተስሎበት 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ትርጉሙ ዕቃው የተፈተነው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው ማለት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍተኛ ቮልት ባለባቸው ክፍሎች መካከል የሚተወው ክፍተት መስፋት አለበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት። ጎንደር፣ ደብረ ታቦርና አዲስ አበባ ግን ከላይ ናቸው። ዋና ቢሮው ባሕር ዳር የሆነ ድርጅት ያንኑ ዕቃ ደብረ ታቦር ላለው ቅርንጫፉ ከመላኩ በፊት ይህን ምልክት ማየት ይኖርበታል። ጉዳዩ ስልኩ ላይ አይደለም፤ 220 ቮልት የሚቀበለው አዳፕተርና ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሣጥን) ላይ ነው።

መብራትና ነጎድጓድ

የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ በራሱ መስመር ስለነበር ሰፈሩ ጨልሞም ይሠራ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ እንዲህ አይደለም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሞታል። ስልኩ ብቻውን ኃይል ቢያገኝም አይጠቅምም፤ ስዊቹ፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሣጥን ሁሉ አብረው መብራት አለባቸው። ብዙ ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዝቶ ኮምፒውተሩን ብቻ ይሰካበታል፤ ጥግ ላይ ያለችውን የፋይበር ሣጥን ይረሳል። ጄኔሬተር እስኪነሣ ባለው ጊዜ የድርጅቱ ስልክ ጠፍቶ ይቆያል።

ጥሩው አሠራር ስልኮቹን በኔትወርክ ኬብሉ በራሱ ኃይል መመገብ ነው። በደረጃው መሠረት የተሠራ ስዊች ለእያንዳንዱ ኬብል እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ተራ የጠረጴዛ ስልክ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልገው። ያን ጊዜ አንድ ዩፒኤስ ከስዊቹ ጋር ሲሰካ ሁሉም ስልክ ይሠራል፤ በየጠረጴዛው ሥር ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መደራረብም ይቀራል። ኬብሉ ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ብቻ ይታይ። ደረጃውን ሳይጠብቅ ኃይል የሚገፋ ርካሽ ዕቃ ግን ስልኩን ሊያቃጥል ስለሚችል ይቅር።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ላይ የሚነሣው ነጎድጓድ ለባሕር ዳር ሰው አዲስ አይደለም። ሐይቁ ዳር ያሉ ሎጆች ብዙ ጊዜ ክፍሎቻቸው በአትክልቱ መሐል የተበታተኑ ናቸው። ሪሴፕሽኑን ከመመገቢያ አዳራሹ፣ አዳራሹን ከጀልባ ማቆሚያው ቢሮ ጋር የሚያገናኘው የመዳብ ኬብል ከዛፍ ዛፍ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ጉዳት ለማድረስ መብረቁ ኬብሉን ራሱን መምታት አያስፈልገውም። አጠገቡ ቢወድቅ ይበቃል፤ በኬብሉ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ይበላዋል፣ እጀታውን የያዘውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። የአምራቾች መመሪያም ይህን ስለሚያውቅ አብዛኛው የቢሮ ስልክ ከሕንፃ ለማይወጣ ኬብል ብቻ ነው ይላል።

መፍትሔው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር መዘርጋት ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከዚያ ሌላ ሕንፃው ትክክለኛ መሬት የገባ ሽቦ እንዲኖረው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት መሐሉን ነቅሎ መሰካት ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ኬብል አይነቀልም፣ አይሰካም። መደወል ካስፈለገ ከቻርጀር በተነቀለ ሞባይል ነው።

ፖሊስና አምቡላንስ ሲጠሩ

ከሁሉም በላይ ሊታይ የሚገባው ይኸኛው ነው። ብዙ ሆቴልና ቢሮ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9ን መጫን ይጠይቃል። የፖሊስ ቁጥር 991 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሁለቱም በ9 ይጀምራሉ። እንግዳው ደንግጦ 991 ሲደውል የድርጅቱን ጥሪዎች የሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ ማለትም የስልክ ማዕከሉ፣ የመጀመሪያውን 9 የውጭ መስመር መጠየቂያ አድርጎ ይወስደዋል። የሚወጣው 91 ብቻ ይሆናል። ጥሪው የትም አይደርስም።

አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሕይወት ከጠፋ በኋላ ሕግ አስወጥቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ግዛት ማርሻል ከተማ ካሪ ሃንት የተባለች እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ስትገደል የዘጠኝ ዓመት ልጇ 911 አራት ጊዜ ደውላ ነበር። ሆቴሉ መጀመሪያ 9 ይፈልግ ስለነበር ጥሪው አልወጣም። በስሟ የተጠራው ሕግ ከፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተከሉ የድርጅት ስልኮች ያለ ምንም መቅድም ቁጥር 911 እንዲያስደውሉ ያዛል። ሕጉ እዚያው አሜሪካ ነው የሚሠራው። ችግሩ ግን በእኛ ከተማ ጠረጴዛም ላይ ቁጭ ብሏል።

ማስተካከል ከባድ አይደለም። ቴክኒሻኑ 991ና 907 ከ9 ጋርም ያለ 9ም እንዲወጡ አድርጎ ማዕከሉን ይሞላዋል። የውስጥ ቁጥሮችን በ9 አለመጀመር ነው። የኢትዮጵያ ቁጥሮች በ0 ስለሚጀምሩ አዳዲሶቹ ማዕከሎች ያለ መቅድም ቁጥርም የውጭ ጥሪን መለየት ይችላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ 9ን ጨርሶ ማስቀረት ይሻላል። ከዚያ ለሚመለከተው ጣቢያ አስቀድሞ ነግሮ አንድ ጊዜ ደውሎ መሞከር።

ቦታም ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮው 058 መስመር ከአንድ ግድግዳ ጋር የታሰረ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ተነቅሎ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቢሰካ ያንኑ የባሕር ዳር ቁጥር ይዞ ሊሠራ ይችላል። ቁጥሩን አይቶ ቦታውን መገመት አይቻልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስልክ አጠገብ ክፍለ ከተማው፣ ሕንፃው፣ ፎቁና በአቅራቢያው የሚታወቀው ቦታ በአማርኛ የተጻፈበት ካርድ ይለጠፍ። የሚደነግጥ ሰው አንብቦ ይናገር።

ሌባው በስልኩ ሲገባ

ስልኩ ኮምፒውተር ስለሆነ ሌባውም የኮምፒውተር ሌባ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ፓስዎርድ ያልተቀየረለት ስልክ ወይም ማዕከል ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች ያገኙታል። ከዚያ በድርጅቱ መስመር ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደወላል። ሌቦቹ የሚመርጡት ቢሮ የሚዘጋበትን ጊዜ ነው፤ ሌሊት፣ እሑድ፣ በዓል። የጥምቀት ዕለት ከተማው ታቦት ለማጀብ ሲወጣ ቢሮ ውስጥ ማንም የለም። ሒሳቡ የሚታወቀው ወሩ ሲዘጋ ነው፤ ውሉም በድርጅቱ ስም ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ጥሪ ከመጀመሪያው ይዘጋ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ በኮድ ይከፈት። ፓስዎርዱ ይቀየር፣ ሶፍትዌሩ ይታደስ፣ ማዕከሉ ከፋየርዎል (ያልተፈቀደ የኢንተርኔት ግንኙነትን ከሚያግድ መከላከያ) ጀርባ ይሁን።

አንድ የሚዘነጋ ቀዳዳ አለ። አብዛኛው የጠረጴዛ ስልክ ከጀርባው ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ አለው፤ አንዱ ለግድግዳው፣ ሌላው ለኮምፒውተር። ሎቢ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ስልክም ይህ ሁለተኛ መሰኪያ አለው። ማንም ላፕቶፑን ሰክቶ ካርድና ሒሳብ ወዳለበት ኔትወርክ ሊገባ ይችላል። የሎቢና የእንግዳ ክፍል ስልኮች ላይ ያ መሰኪያ ይዘጋ፤ ስልኮቹም ከቢሮው ኮምፒውተሮች በተለየ ኔትወርክ ይቀመጡ።

ጥሪ የሚቀዳ ድርጅት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ አለበት። የሰው ድምፅና የተናገረው ነገር የግል መረጃው ነው። ክሊኒክ ከሆነ የበሽተኛው ሕመም ጭምር ተቀድቷል ማለት ነው። ደዋዩ መቀዳቱን ይወቅ፤ ቅጂው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ ይወሰን። ስልኩና ማዕከሉ ጥሪን መመስጠር፣ ማለትም ሌላ ሰው ጠልፎ እንዳይሰማው ማድረግ፣ ከቻሉም ይህ ይብራ።

ጆሮና አሮጌ ስልክ

እጀታው ውስጥ ማግኔት አለ። የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ ይስባል፤ ጆሮ ላይ ሲደረግ ሊወጋ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የሚበዛ ከሆነ ከማንሣት በፊት ማየት ነው። ሲጸዳ ኬብሉ ተነቅሎ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። ሐይቁ ዳር ወዳለው በረንዳ ማውጣትም አይመከርም፤ እርጥበቱ ቁልፎቹን ያበላሻል።

ሲያረጅ ደግሞ ከመሸጥ ወይም ከመስጠት በፊት ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለስ። ያለዚያ የድርጅቱ የመስመር ፓስዎርድና የደንበኞች ቁጥር ውስጡ ተቀምጦ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው የተሰረዘ ቆሻሻ መጣያ ምልክት ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል ማለት ነው። ሰርኪዩቱ ላይ ያሉ ኬሚካሎች በዝናብ ታጥበው የሚወርዱት ወደ ጣና ነው። የሚሠራው ክፍል ተለይቶ ለጥገና ባለሙያ ይሰጥ፤ የተቀረው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስብ አካል እስኪደርስ በካርቶን ታሽጎ ደረቅ ቦታ ይቆይ።